ከረቡዕ እስከ እሑድ በሳን ዲዬጎ ኮሚክ-ኮን

ረቡዕ

ከሎስ አንጀለስ የተነሣው ባቡር ሳን ዲዬጎ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። መጀመሪያ ላይ የሚታየው የመጋዘን ጀርባና የአውራ ጎዳና ግንብ ነው፤ ሳን ክሌሜንቴ ሲደረስ ግን ሐዲዱ ከውቅያኖሱ ጋር ጎን ለጎን መሄድ ይጀምራል። ይህን ስለማውቅ በስተቀኝ በኩል ተቀመጥኩ። ይሁንና ዐይኔ ውሃው ላይ አልቆየም። ከፊት ለፊቴ አንድ አባትና ትንሽ ልጁ ሰማያዊ ካባ ደርበው ተቀምጠዋል። ልጁ እንቅልፍ ወስዶት ካባው ፊቱ ላይ ወድቋል፤ አባትየው በየጣቢያው በሁለት ጣቱ ገለጥ አድርጎ ያየውና መልሶ ያለብሰዋል። ከተማው ሳልደርስ ጉባኤው የተጀመረ መሰለኝ።

ኮሚክ-ኮን የኮሚክ (ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የሚተርክ መጽሐፍ)፣ የሳይንስ ልብ ወለድ፣ የፊልምና የጨዋታ ወዳጆች በየዓመቱ በሐምሌ የሚገናኙበት ጉባኤ ነው፤ አንዳንዶቹ የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ መስለው ለብሰው ይመጣሉ። ከሐሙስ እስከ እሑድ አራት ቀን ይቆያል፤ ረቡዕ ማታ ደግሞ ለተወሰኑ ሰዎች የሚከፈት የዋዜማ ምሽት አለው። ከ130,000 በላይ ሰው ይመጣል። መምጣት የሚፈልገው ከዚህም ስለሚበልጥ የመግቢያ ባጅ የሚገኘው በዕድል ነው። ምዝገባው በሚከፈትበት ዕለት ሁሉም በኢንተርኔት ይጠብቃል፤ ተራውን የሚወስነው ቀድሞ መምጣት ሳይሆን ኮምፒውተር የሚያወጣው ዕጣ ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ የቀሩት ሐሙስ፣ ዓርብና እሑድ ብቻ ነበሩ። ትልልቆቹ የፊልም ስቱዲዮዎች የሚቀርቡበት ቅዳሜ አልቋል። ለሳምንታት በቅዳሜ አዘንኩ። እሑድን ነጋዴ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ እንደሚጨምረው ምርቃት ነበር የቆጠርኩት።

እ.ኤ.አ. በ1915 የተሠራው የሳንታ ፌ ባቡር ጣቢያ ወርጄ በከተማዋ ቀላል ባቡር ወደ ሚሽን ቫሊ ሄድኩ። መሐል ከተማ ያሉት ሆቴሎች ከወራት በፊት ስለሚያዙ እንደ እኔ ያለ እንግዳ የሚያድረው እዚያ ነው። ሌሊቱን ፕሮግራሙን በቢጫ ቀለም ሳሰምር አመሸሁ።

ሐሙስ

ስለ ሐሙስ ብዙ የምለው የለኝም፤ ብዙውን አላየሁትምና። የስብሰባ ማዕከሉ ከወደቡ ዳር የተዘረጋ ረጅም ሕንፃ ነው። የኤግዚቢሽኑ ወለል ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለ ግድግዳ የተያያዘ ሲሆን፣ መሐሉን ስቱዲዮዎችና አሻንጉሊት ሠሪዎች፣ ዳርና ዳሩን አሮጌ ኮሚክ ሻጮችና ሠዓሊዎች ይዘውታል። በር ሲከፈት ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደ መሐል ገባ፤ እኔም አብሬ ተወሰድኩ። ያሰመርኩባቸው አሥራ አንድ ነገሮች ነበሩ። ሦስቱን ደረስኩባቸው። በቀረው ሰዓት የሌሎች ሰዎችን የጀርባ ቦርሳ እያየሁ ቆምኩ።

ዓርብ

ሆል ኤች የሚባለውን አዳራሽ ማየት እፈልግ ነበር። 6,500 መቀመጫ አለው፤ ተዋንያኑ የሚቀርቡት፣ አዲስ ፊልም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስደርስ ሰልፉ ከሕንፃው ወጥቶ፣ በሣሩ ላይ ከተተከሉት ድንኳኖች አልፎ፣ በጀልባዎቹ ማቆሚያ ዳር ተጠማዝዞ ይሄድ ነበር። የፊተኞቹ ተራቸውን የሚያስይዝላቸውን የክንድ አምባር ያገኙት በዋዜማው ማታ ነው። ይህን ያውቁ የነበሩ ሰዎች ብርድ ልብስና ታጣፊ ወንበር ይዘው መጥተዋል። እኔ የያዝኩት አንድ ብርቱካን ነበር።

ሰልፉ ለምን እንደማይንቀሳቀስ ያስረዳችኝ ከጎኔ የቆመች ነርስ ናት። በአንድ ዝግጅትና በሚቀጥለው መካከል አዳራሹን ማንም አያስወጣም። ጠዋት የገባ ሰው ከሰዓት በኋላ ያለውን ብቻ ፈልጎ ከሆነ፣ የፊተኛውንም የመሐሉንም ተቀምጦ ያልፈዋል። ስለዚህ ውጭ ያለው የሚገባው ውስጥ ያለው ሲሰለች ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚሰለች የለም። ከስድስት ሰዓት ቆይታ በኋላ ብርቱካኑን ለሁለት ተካፍለን ሰልፉን ለቀቅኩ። ነርሷ ቀረች። ገብታ እንደሆነ ዛሬም አስባታለሁ።

ማታ የአይዝነር ሽልማት ወደሚሰጥበት ሆቴል ሄጄ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ከ1988 ጀምሮ በኮሚክ ሙያ ላሉ ሰዎች የሚሰጠው ይህ ሽልማት የተሰየመው በሠዓሊው ዊል አይዝነር ነው። አይዝነር በ2005 እስኪያርፍ ድረስ በየዓመቱ እየተገኘ አሸናፊዎቹን ራሱ ይጨብጥ ነበር። በዚያ ምሽት ፊደል ጸሐፊዎች ተሸለሙ፤ ቀለም ቀቢዎች ተሸለሙ። በገጸ ባሕርይ አፍ ላይ ያለውን ቃል በእጁ የሚጽፍ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ማየት የጠዋቱን ድካም አስረሳኝ። ከጉባኤው መሐል ወጥቼ ወደ ልቡ የቀረብኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ

ባጅ የለኝም። ግን ከማዕከሉ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ለእግረኛ ተለቅቆ፣ የጋዝላምፕ ሰፈር ሕንፃዎች ከላይ እስከ ታች በፊልም ሥዕል ተሸፍነው፣ ያለ ባጅ የሚታየውም ብዙ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ተዟዟርኩና ከሕዝቡ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ሰሜን ወጣሁ። ብሮድዌይ ላይ ዩ ኤስ ግራንት የሚባል ሆቴል አለ፤ በ1910 የተከፈተ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የግራንት ልጅ በአባቱ ስም ያሠራው ነው። እዚያ የሄድኩት ለሕንፃው ብዬ አይደለም።

ከዲትሮይት የመጣው ሼል ዶርፍ የሚባል የኮሚክ ወዳጅ፣ ከሳን ዲዬጎ ወጣቶች ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ስብሰባ በማርች 21 ቀን 1970 ያደረገው በዚህ ሆቴል ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ወጣቶች ገና ተማሪዎች ነበሩ። የአንድ ቀን ስብሰባ ነበር፤ ዓላማውም ለትልቁ ጉባኤ ገንዘብ ማሰባሰብ። ትልቁ የተባለው በኦገስት ለሦስት ቀን ቆየ፤ በሆቴሉ ምድር ቤት ሦስት መቶ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ካፒቴን አሜሪካ የተባለውን የኮሚክ ጀግና ከጆ ሳይመን ጋር የፈጠረው ጃክ ከርቢ መጣ። የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲው ሬይ ብራድበሪም መጣ። ከሦስት መቶ ሰው መካከል አንዱ ብትሆኑ ከርቢን ፈልጋችሁ አታጡትም ነበር፤ ወንበር ስቦ አጠገባችሁ ሊቀመጥም ይችላል።

ከዚያ ጉባኤው በ1970ዎቹ ኮረብታው ላይ ባለው በኤል ኮርቴዝ ሆቴል ሰነበተ፤ በ1991 ደግሞ ዛሬ ወዳለበት ማዕከል ገባ። እኔ ግን በግራንት ሆቴል መግቢያ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ ምድር ቤቱ ሳስብ ቆየሁ። እንደዚያ ያለ ቀን ዛሬም የሚኖር ከሆነ የት ነው ያለው? ሐሙስና ዓርብ አላገኘሁትም።

እሑድ

እሑድ የልጆች ቀን ነው። 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ባጅ ካለው አዋቂ ጋር በነጻ ይገባሉ። ታላቅ እህቴ ሌሊት ከሎስ አንጀለስ ነድታ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጇን ጠዋት አስረከበችኝ። «እሷንም ጠብቂያት፤ ዣንጥላውንም» አለችኝና ወደቡን ለማየት ሄደች።

ዣንጥላው የአልባሳቷ አካል ነው። ሌሎች ልጆች በፊልም የሚታወቁ ጀግኖችን መስለው ሲመጡ፣ የእህቴ ልጅ የመጣችው ራሷ የፈጠረችውን ገጸ ባሕርይ ለብሳ ነው፤ ዣንጥላዋን ገልብጣ ዝናብ የምታጠራቅምና ውሃ ወደሌለበት የምትወስድ ልጅ። እናቷ ከአሮጌ ግራጫ መጋረጃ ካባ ሰፍታላታለች። በቦርሳዋ ደግሞ ስለዚህች ልጅ የሠራችው መጽሐፍ አለ፤ ሁለት ወረቀት ለሁለት ታጥፎ ስምንት ገጽ፣ ወገቡ በስቴፕለር የተመታ፣ ሦስት ቅጂ። ሽፋኑ ላይ አያቷ ባስተማረቻት ፊደል «ዝናብ ሰብሳቢዋ» ብላ ጽፋለች።

ማንኛውም በእጅ የሚያዝ የአልባሳት ዕቃ ጉዳት እንዳያደርስ መታየት አለበት። አንድ ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ ዣንጥላውን ከፍቶ፣ ጫፎቹን በመዳፉ ዳስሶ፣ መታየቱን የሚያሳይ ምልክት እጀታው ላይ አሰረላት። በቁም ነገር ነው ያሰረው፤ እሷም በቁም ነገር ተቀበለችው። ቀኑን ሙሉ እጇ ከዚያ ምልክት አልራቀም።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሲከፈት የሚሮጥ አልነበረም። ጎርፉ ጎድሏል። የሚሸጠው ብርቅ ነገር ተሸጦ አልቋል፤ የሚነገረው ትልቅ ዜና ተነግሯል። የቀሩት ለመቆየት የመጡ ሰዎች ናቸው። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ጭነዋል፤ ለአራት ቀን የቆሙ ሻጮች ድምፃቸው ሰልሎ፣ ግን ፊታቸው ፈትቶ ያናግራሉ። ሐሙስ ዕለት ጀርባ ብቻ ባየሁበት መተላለፊያ የሰው ፊት አየሁ።

በቀጥታ ወደ ሠዓሊዎቹ ረድፍ ሄድን። ያለፍናቸው ሰዎች ሁሉ የእህቴን ልጅ አንድ ጥያቄ ይጠይቋታል፤ «አንቺ ማን ነሽ?» የታወቀ ጀግና የለበሰውን ማንም እንዲህ አይጠይቀውም። እሷም ዣንጥላውን ገልብጣ ታሳያለች፤ ካልገባቸው መጽሐፏን ታወጣለች። አንድ ወጣት ፎቶ ሊያነሣት ፈልጎ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሷን አስፈቀደ። ገጸ ባሕርይ መስሎ የለበሰን ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ አለማንሣት እዚህ የተከበረ ሥርዓት ነው፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅም መጠበቁ ደስ አለኝ።

ከሠዓሊዎቹ መካከል ነጭ ጸጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች አንዲት ሴት ብሩሽ ይዛ ትሠራ ነበር። ጠረጴዛዋ ፊት ማንም የለም። የእህቴ ልጅ አገጯን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ታያት ጀመር። ሴትዮዋም ሥራዋን ሳታቋርጥ ማስረዳት ያዘች። ገጹ የሚሣለው 28 በ43 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ወፍራም ወረቀት ላይ ነው፤ ሲታተም ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። «ትልቅ አድርገሽ ሥዪ» አለቻት። «ሲያንስ መስመሩ ይሰበሰባል፤ የእጅሽም መንቀጥቀጥ አብሮ ያንሳል።» ከብሩሹ ሥር ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ መስመር ይታያል። የድሮው የማተሚያ ቤት ካሜራ ፈዛዛ ሰማያዊን ስለማያይ፣ ሠዓሊዎች ንድፋቸውን በሰማያዊ እርሳስ አውጥተው ሳይሰርዙት በላዩ ጥቁር ቀለም ያደርጉ ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራው ብዙ ነው፤ እሷ ግን ሰማያዊው እርሳስ እጇን እንደሚያረጋጋው ነገረችን።

የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞር ብላ «አክስቴ፣ ላሳያት?» አለች። ራሴን ነቀነቅኩ።

ሴትዮዋ ብሩሹን አጥባ፣ እጇን በጨርቅ አድርቃ ነው መጽሐፉን የተቀበለችው። ሽፋኑን ቆይታ አየችው፤ ስለ ፊደሉ ጠየቀች። «ዝ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ በረቂቅ ደብተሯ ላይ ገልብጣ ሣለች። ከዚያ አንድ በአንድ ገለጠች። ስድስተኛው ገጽ ላይ ደርሳ ወደ ሦስተኛው ተመለሰች።

«እዚህ ላይ ለምን ምንም አትናገርም?»

«ዝናቡ እየተናገረ ስለሆነ» አለች የእህቴ ልጅ።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ቀና አላለችም፤ አዋቂዎች ልጅ ሲናገር የሚለዋወጡት ያ ፈገግታ አልነበረም። ገጹን እንደገና አየችና «ልክ ነሽ» አለቻት። ቀጥላም «ስንት ትሸጪልኛለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። የእህቴ ልጅ አሰበች። እንደማይሸጥ፣ በመጽሐፍ ግን እንደምትለውጥ ነገረቻት። ተለዋወጡ። ሴትዮዋ በ24 ገጽ የተጠረዘ የራሷን ኮሚክ ፈርማ ሰጠቻት፤ «ዝናብ ሰብሳቢዋን» ደግሞ በመደርደሪያዋ ላይ በሁለት የራሷ መጻሕፍት መካከል፣ ሽፋኑን ወደ ሰው አዙራ አቆመችው።

የግራንት ሆቴልን ምድር ቤት ያገኘሁት በዚህ ጊዜ ነው። ከሦስት መቶ ሰው መካከል መሆን ማለት ይህ ነበር፤ የሚሠራውና የሚወደው በአንድ ጠረጴዛ ሁለት በኩል፣ ማንም ሳያጣድፋቸው። ሐሙስም ሴትዮዋ እዚያው ተቀምጣ ነበር። እኔ ነኝ ወደ መሐል ስሮጥ ያለፍኳት።

ፎቅ ላይ ጣሪያው እንደ መርከብ ሸራ የተወጠረ ሰፊ ቦታ አለ። ብርሃኑ በነጩ ሸራ ተጣርቶ ይወርዳል። ወለሉ ላይ ተቀምጠን የያዝነውን በላን። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ የወርቅ ጥሩር የለበሰ አባት ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ዘርግቷል፤ ልጆቹ የራስ ቁሩን ተራ በተራ ይለብሱታል።

ከምሳ በኋላ ወደ ሆል ኤች ወሰድኳት። ያ ተጠማዝዞ ወደ ባሕር ይወጣ የነበረ ሰልፍ የለም። ድንኳኖቹ ባዶ ናቸው። በሩ ላይ ያለው በጎ ፈቃደኛ በእጁ «ግቡ» አለን፤ ገባን። መብራቱ ደብዝዟል፤ ከኋላ ያሉት ረድፎች ሰው አልባ ናቸው። መድረኩ ላይ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድርሰት የሚወያዩ ሰዎች ነበሩ። ለዓርቡ ስድስት ሰዓት የሚሆን ቁጭት ይመጣብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። የእህቴ ልጅ ረድፎቹን እየቆጠረች ሄዳ መሐል ላይ ተቀመጠች። «አክስቴ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሲሞላ የኋለኞቹ ምን ያያሉ?» አለችኝ። ተዋንያኑን የሚያዩት በትልልቅ ስክሪኖች እንደሆነ ነገርኳት። አሰበችበትና ወደ ሠዓሊዎቹ እንድንመለስ ጠየቀችኝ።

ከመመለሳችን በፊት ለሃያ ደቂቃ ያህል አንድ ትንሽ አዳራሽ ገባን፤ ይህን ያደረግኩት ለራሴ ነው። ኮሚክ-ኮን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የሚያዘጋጀው ጉባኤ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላም አዘጋጆቹ ተቀምጠው የመጣውን ሰው ሐሳብ የሚሰሙበት ሰዓት አላቸው። ሰዎች ማይክሮፎኑ ፊት ተሰልፈው፣ አንዱ ተጨማሪ አግዳሚ ወንበር ይጠይቃል፣ ሌላዋ መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ ስለተረጎመላት ሰው ታመሰግናለች። አዘጋጆቹ ከ130,000 ሰው በኋላ፣ እግራቸው አብጦ፣ ያንን ሁሉ ቁጭ ብለው ይጽፋሉ። ከአራቱም ቀን ካየሁት መድረክ የዚህን ያህል የወደድኩት የለም።

የመጨረሻዋ ሰዓት የገበያ ሰዓት ናት። ሻጮች የተረፋቸውን ካርቶን መልሰው ከመጫን ቢሸጡት ስለሚሻላቸው ዋጋ ይወርዳል። ረጃጅም ነጭ ሣጥኖች ውስጥ በፕላስቲክ ተሸፍነው የቆሙትን አሮጌ ኮሚኮች ሰው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ይገለባብጣል፤ የወረቀቱ ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። እኔም ከአንዱ ሣጥን ሥር ለዓመታት ስፈልገው የነበረ አንድ እትም አገኘሁ። ጥጉ ታጥፏል፤ አልከፋኝም።

ከሁሉም የሚገርመው ግን የዣንጥላው ነገር ነው። የእህቴ ልጅ ገልብጣ ይዛው ስትዞር፣ አንድ ሻጭ የተረፉትን ተለጣፊ ሥዕሎች ጨበጥ አድርጎ ውስጡ ጣለላት። ቀጥላ አንዲት ሻጭ የደረት ቁልፎች ጨመረች። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀንም፤ ባለፍንበት ሁሉ ፖስት ካርድ፣ ዕልባት፣ ትንንሽ የወረቀት ጭምብሎች ዘነቡባት። ዣንጥላው ከብዷት በሁለት እጇ አቀፈችው።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጉባኤው ማብቃቱ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ጭብጨባው ከአንድ ጥግ ተነሥቶ በወለሉ ርዝመት ሁሉ ተዛመተ፤ ሻጮች፣ ጠባቂዎች፣ ገዢዎች፣ ሁሉም። እኔም ማን እንደማጨበጭብለት ሳላውቅ መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ። ወዲያው የምንጣፎቹ ጠርዝ መጠቅለል ጀመረ። በሠዓሊዎቹ ረድፍ በኩል ስንወጣ ያቺ ሴት መጻሕፍቷን በካርቶን እያደረገች ነበር። «ዝናብ ሰብሳቢዋን» ለይታ በትከሻ ቦርሳዋ ውስጥ ስታስገባ አየናት። የእህቴ ልጅ ምንም አላለችም፤ እጄን ግን አጥብቃ ያዘች።

የቀላል ባቡሩ ማቆሚያ ሙሉ ነበር። እህቴ ከሆቴሌ አጠገብ ትጠብቀናለች። አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ሦስት ዓመት የሚሆነውን ልጁን አቅፎ ተቀምጧል፤ የሥራ ልብስ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ባጅ የለም። ሕፃኑ ዐይኑን ከዣንጥላው አልነቀለም። የእህቴ ልጅ አየችውና እፊቱ በርከክ ብላ ዣንጥላውን ወደ ጉልበቱ ዝቅ አደረገችለት። ሕፃኑ እጁን አስገባ። አንድ ተለጣፊ አወጣና መለሰው። የደረት ቁልፍ አወጣ፤ እሱንም መለሰው። እጁ እንደገና ገባ።

ባቡሩ መጣ። ሕፃኑ ገና አልመረጠም። የእህቴ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ፤ የሚቀጥለውን ጠበቅን።